የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚችል የጭስ ምድጃ፦ ወፍራም ቱቦ አቆራረጥ ደረጃ በደረጃ

ሥጋ በጭስና በዝግታ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚበስልበትን የጭስ ምድጃ መጀመሪያ የሞከርኩት በበርሜል ነው። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከበርሜል ነው። 200 ሊትሩን በርሜል በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ፍርግርግ አስገብቼ፣ በፋሲካ ማግስት የመንዝ በግ ወርች ጣልኩበት። ጠዋት ጥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሙቀቱ ከ120 ዲግሪ ወደ 70 ወረደ። እንጨት ስጨምር 180 ገባ። ወርቹ ከውጭ ከሰለ፣ አጥንቱ ጋ ገና ቀይ ነው። እንግዶቼ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉም። አንዷ አክስቴ ብቻ «ጥብስ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። የበርሜል ቆርቆሮ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። ስስ ብረት ነፋስ በነካው ቁጥር ሙቀቱን ይለቃል። 6 ሚሊ ብረት ግን እንደ ሸክላ ምጣድ ነው። ለመሞቅ ይለግማል፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ነፋስ ቢመጣ ዝናብ ቢያካፋ አይደነግጥም።

ስለዚህ ወፍራም ቱቦ ገዛሁ። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ መቁረጡ ነው። ብየዳውን የትኛውም ጎበዝ በያጅ ይሠራላችኋል። ምድጃው የሚበላሸው ብየዳው ላይ ሳይሆን መስመሩ ሲወጣና በሩ ሲቆረጥ ነው።

ምን ዓይነት ቱቦ?

የእኔ 20 ኢንች ነው፤ የውጭ ስፋቱ 50.8 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ። ለቤተሰብና ለጎረቤት ይበቃል። አንድ ሜትሩ 74 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ግዙ። 1 ሜትር ከ20ው ሥጋው የሚቀመጥበት ክፍል ይሆናል፣ 40ው ከጎኑ የሚገጠመው የእሳት ሣጥን፣ የቀረው ለማስተካከያና መቁረጫ ዲስኩ ለሚበላው ነው። 10 ሚሊ ቱቦ ቢያጓጓችሁም ይቅርባችሁ። አንድ ሜትሩ ከ120 ኪሎ በላይ ነው፤ ለማሞቅ ብቻ ግማሽ ሸክም እንጨት ይበላል።

አዲስ ቱቦ ውድ ነው። ቁራጭ የሚገኘው የግንባታ ትርፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው መርካቶ ሚናሌሽ ተራ አለለት። ለማስጫን ባጃጅ አትጥሩ። እኔ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያመጣሁት በፈረስ ጋሪ ነው፤ ባለጋሪው ቱቦውን አይቶ «ጉድጓድ ልትቆፍር ነው?» አለኝ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ውስጡ ምን ነበር? ነዳጅ ወይም ኬሚካል ያለፈበትን ቱቦ አትግዙ። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ በፍጹም በዲስክም ሆነ በእሳት አትንኩት። ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል።

ሁለተኛ፣ ዚንክ የተለበጠ ነው? እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ከሆነ ተዉት። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ብዙ በያጆች «ወተት ጠጣበት» ይላሉ። ወተት ጥሩ ነገር ነው፣ ለዚህ ግን አይሠራም። መፍትሔው ጭሱን አለመሳብ ነው።

ሦስተኛ፣ ውስጡ በሲሚንቶ ወይም በሬንጅ የተለበጠ የውሃ መስመር ቱቦ አለ። ሲሚንቶው በመዶሻ ይራገፋል። ሬንጁ ግን ደጅ ላይ በትልቅ እሳት ካልተቃጠለ አይለቅም፤ ጭሱም ሠፈር ያጣላል። ንጹሕ ቱቦ ፈልጉ።

ዲስኩና ፍንጣሪው

ለ6 ሚሊ ብረት ትንሿ ግራይንደር (ዲስክ እያሽከረከረች ብረት የምትቆርጠው የኤሌክትሪክ መሣሪያ)፣ 115 ሚሊ ዲስክ የምትይዘው፣ ትበቃለች። 1 ወይም 1.6 ሚሊ ውፍረት ያለው መቁረጫ ዲስክ ግዙ። ስስ ዲስክ ቶሎ ያልቃል፣ ግን በፍጥነት ይቆርጣል፣ ብረቱንም ብዙ አያሞቅም። አጠቃላይ የቁርጡ ርዝመት 6 ሜትር ገደማ ስለሚሆን አንድ ደርዘን ያዙ። በዲስኩ መሐል ባለችው የብረት ቀለበት ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ታትሟል። አብዛኛው ሰው አያየውም። ያረጀ ወይም እርጥበት ያገኘው ዲስክ ሥራ ላይ ይበተናል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ትንሿ ግራይንደር መከላከያዋ ወልቆ ትልቅ ዲስክ ታስሮባት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ትልቁ የ230 ሚሊ ዲስክ የተሠራው በደቂቃ እስከ 6,600 ዙር ለመሽከርከር ነው። ትንሿ ግራይንደር 11,000 ትዞራለች። ያ ዲስክ ሲፈነዳ ፊት ለፊት ያለው የእናንተ ፊት ነው። መከላከያው ይኑር፣ የዓይን መነጽር ይኑር፣ የጆሮ መድፈኛም ይኑር። ነጠላ፣ ጋቢና የሚንጠለጠል ፎጣ ደግሞ አይኑር።

ስለ ፍንጣሪው ከራሴ የደረሰውን ልናገር። የሠራሁት ኅዳር ላይ ነበር፤ ገብስ ታጭዶ፣ ገለባው በየግቢው ተከምሮ። ክምሩ ሩቅ ነው ብዬ ገመትኩ። ፍንጣሪ ግን እስከ 10 ሜትር ይሄዳል፣ ነፋስ ካገዘው ከዚያም ያልፋል። ሥራ ጨርሼ ሻይ ስጠጣ አንድ ባዶ ጆንያ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ልጄ አየው። እግዜር አተረፈን። ስለዚህ በባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ሥሩ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አትራቁ። ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት መሥራት ይሻላል።

መስመር ማውጣት

ክብ ነገር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር በዓይን አይሆንም። ዙሪያውን ለመቁረጥ ከወለል ፕላስቲክ ምንጣፍ 10 ሴንቲ ስፋትና 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው ጥብጣብ ቁረጡ። አንዱ ጠርዝ ከፋብሪካ እንደመጣ ቀጥ ያለው ይሁን። ቱቦው ላይ እንደ መቀነት ጠምጥሙት። ጫፍና ጫፉ ሲደራረብ ጠርዙ በትክክል ከገጠመ መስመሩ ቀጥ ነው። 2 ሚሊ እንኳን ከተላለፈ ፈታችሁ እንደገና ጠምጥሙ። ከዚያ በጠመኔ አስምሩ። ጠመኔ በፍንጣሪ ስለሚጠፋ በየ5 ሴንቲው በሹል ብረትና በመዶሻ ነጥብ ምቱበት።

በቁመቱ ለማስመር ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጥ ያለ አንግል ብረት ገልብጣችሁ ቱቦው ጀርባ ላይ አስቀምጡ። ሁለቱ ክንፎቹ ቱቦውን ሲነኩ ራሱ ከቱቦው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል፤ እንደ ኮርቻ። በጠርዙ አስምሩ። ይህንን ያሳዩኝ የሠፈራችን አዛውንት በያጅ ናቸው። እኔ በገመድና በውሃ ልክ አንድ ሰዓት ስታገል ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ ብረቱ ራሱ ያውቃል፤ አንተ አስቀምጠው» አሉኝ።

የ20 ኢንቹ ቱቦ ዙሪያው 160 ሴንቲ ነው። በ40 ሴንቲ አራት ቦታ ክፈሉት፤ አናት፣ ፊት፣ ሆድ፣ ጀርባ። አራቱንም መስመር በቁመቱ አውጡ። ቱቦው የተበየደበት ስፌት ካለው ጀርባው ላይ እንዲውል አዙሩት። ስፌቱ በር ላይ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው።

ዙሪያውን መቁረጥ

ቱቦውን መሬት ላይ አታስተኙት። ሁለት አንግል ብረት እንደ ሸለቆ አድርጋችሁ በየጎኑ አስደግፉት፣ እንዳይንከባለልም ድንጋይ ሸጉጡበት። ድጋፉ ከቁርጡ መስመር በግራም በቀኝም ቅርብ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ድጋፉ ከራቀ ቱቦው መሐሉ ላይ ይጎብጣል፣ ቁርጡ ይዘጋና ዲስኩን ነክሶ ይይዘዋል። ግራይንደሯም ወደ እናንተ ትወረወራለች።

መጀመሪያ ዙሪያውን በሙሉ 1 ሚሊ ብቻ ጫሩ። ጥልቅ አትግቡ። ይህ ጭረት ለዲስኩ እንደ ባቡር ሐዲድ ነው፤ ሁለተኛው ዙር በራሱ ይከተለዋል። እናንተ ቱቦውን አትዙሩት፤ ቱቦው ይዙር። ሁልጊዜ አናቱ ላይ፣ ቆማችሁ፣ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቁረጡ። አትጫኑ። የግራይንደሯ ድምፅ ወፍራም ሆኖ ካቃሰተች እየተጫናችሁ ነው።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ብረቱን በስታችሁ ታልፋላችሁ። ያኔ በአራቱ መስመሮች ላይ 3 ሴንቲ 3 ሴንቲ ሳትቆርጡ ተዉ። እነዚህ ድልድዮች ቁራጩን ይይዙታል። የእሳት ሣጥኑ ቁራጭ ብቻውን 30 ኪሎ ነው፤ ድንገት እግር ላይ ሲወርድ ያማል። ሌላ ሰው ቁራጩን ሲይዝላችሁ የሆዱን ድልድይ ቀድማችሁ፣ የአናቱን በመጨረሻ ቁረጡ።

ኦክሲጅንና አሴቲሊን ያለው ጋራዥ ይህንን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለዙሪያው ቁርጥ አልቃወምም፤ ጠርዙን ኋላ በዲስክ ታስተካክሉታላችሁ። የአሴቲሊኑ ግፊት ግን ከ1 ባር ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ በራሱ ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ነው። በሩን ግን በእሳት አታስቆርጡ። ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሙቀቱም ብረቱን ያጣምመዋል።

በሩ፣ ዋናው ፈተና

የመጀመሪያ በሬን አራቱንም ጎን ቆርጬ አወጣሁትና መልሼ ልገጥመው ብል እንቢ አለኝ። ቱቦ በፋብሪካ ሲጠቀለል ውጥረት ይዞ ይቀራል። ስትቆርጡት ይፈታል። በሩ ይዘረጋል፣ የቱቦው አፍም በበኩሉ ይንቀሳቀሳል። የእኔ በአንድ ጥግ ከ1 ሴንቲ በላይ ተዛንፎ ነበር። አስሬ ለክቼ ነው የቆረጥኩት፤ ልኬቱ ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተሳሳተው። ለማቃናት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከአናቱ መስመር 5 ሴንቲ ወደ ፊት ወርዳችሁ የላይኛውን ጠርዝ አስምሩ። ከዚያ በዙሪያው 42 ሴንቲ ለክታችሁ የታችኛውን። በግራና በቀኝ ከቱቦው ጫፍ 15 ሴንቲ ተዉ። 90 በ42 የሆነ በር አገኛችሁ።

አሁን የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ቁረጡ፤ ማጠፊያው የሚውልበትን። ሌላውን አትንኩ። ሁለት ወይም ሦስት ወፍራም ማጠፊያ በቁርጡ ላይ አጋድማችሁ በይዱ። የማጠፊያዎቹ ዘንግ በአንድ ቀጥታ ላይ ይዋል፤ ረጅም ፌሮ በሁሉም ቀዳዳ አሳልፋችሁ እያያችሁ በይዱ። አንዱ ከጎበጠ በሩ እንደ አሮጌ መቃብር ቤት በር ሲጢጥ ይላል።

ማጠፊያው ከተበየደ በኋላ ጣጣው ጥጉ ላይ ነው። ዲስክ ክብ ስለሆነ ከውጭ ጥግ ሲደርስ ከውስጥ ገና አልደረሰም። ውስጡ እስኪደርስ ከገፋችሁ ውጭው ላይ የተረፈ ስንጥቅ ይቀራል፣ ጭስም በዚያ ይወጣል። ስለዚህ አራቱም ጥግ ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ዲስኩን ከጥጉ 2 ሴንቲ ሲቀረው አቁሙ። የቀረችውን በብረት መጋዝ ምላጭ፣ አንድ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ፣ ጨርሱ። ሰልቺ ነው። ዘፈን ክፈቱ።

ሁለቱን የጎን ቁርጥ ቀድማችሁ፣ የታችኛውን በመጨረሻ ቁረጡ። የታችኛው ላይም መሐሉን 3 ሴንቲ ተዉለት። የመጨረሻዋን ድልድይ ከመቁረጣችሁ በፊት ከውጭ በኩል 4 ሴንቲ ስፋትና 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በበሩ ሦስት ጎን ላይ በይዱ፤ ግማሹ በሩ ላይ፣ ግማሹ ከቁርጡ አልፎ። በሩ ላይ ብቻ ነው የሚበየደው፤ ቱቦው ላይ ከተበየደ በር የለም። ለጎኖቹ ጠፍጣፋውን በቱቦው ልክ መጠቅለል ያስፈልጋል። ይህ ከንፈር ክፍተቱን ይሸፍናል፣ በሩም እንዳይዘረጋ ይይዘዋል። አሁን ድልድይዋን ቁረጡ። «ጣ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ብረቱ ተንፍሶ ነው።

በሩ 18 ኪሎ ያህል ነው። እጀታውን ከበሩ ራቅ አድርጉት፣ ከማጠፊያው ጀርባም ክንድ አውጥታችሁ ክብደት ስቀሉበት። እኔ የሰቀልኩት አሮጌ የመኪና ፍሬን ከበሮ ነው።

የእሳት ሣጥን፣ አየርና ጭስ ማውጫ

ጫፎቹን ለመድፈን ከ6 ሚሊ ላሜራ ሦስት ክብ ይበቃል። ሁለቱ ለሥጋው ክፍል፣ አንዱ ለእሳት ሣጥኑ ውጫዊ ጫፍ፤ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ከሥጋው ክፍል ክብ በታች የሚቀረውን ክፍተት በቁራጭ ላሜራ ዝጉት። የእሳት ሣጥኑን ከሥጋው ክፍል 25 ሴንቲ ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ የእሳት ሣጥኑ መሐል ከሥጋው ክፍል ሆድ ጋር እኩል ይሆናል። የእሳት ሣጥኑ መጠን የሥጋው ክፍል አንድ ሦስተኛ ነው፤ 40 ሴንቲው 77 ሊትር ይይዛል፣ የሥጋው ክፍል 230 ገደማ።

ሁለቱን የሚያገናኘው ቀዳዳ ከሥጋው ክፍል ሆድ 2 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይጀምር፣ 12 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይቁም፤ ቅርጹ ግማሽ ጨረቃ። ያቺ 2 ሴንቲ የምትቀረው ጮማው ቀልጦ ወደ እሳቱ እንዳይፈስ ነው። ማፍሰሻ ቀዳዳ በሌላኛው ጫፍ ሆዱ ላይ ብሱ፣ ምድጃውንም በዚያ በኩል ትንሽ አዘንብሉት።

አየር ላይ አትሰስቱ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ በሁለት ቀዳዳ የሚነድ እሳት እዚህ ይታፈናል። ሸዋ ሮቢት ያለ ወዳጄ በሁለት 8 ሴንቲ ቀዳዳ ይሠራል፤ እኔ ሦስት አድርጌያለሁ፣ በላሜራ ተንሸራታች መክፈቻ። ሲበዛ መዝጋት ይቻላል።

ጭስ ማውጫው 4 ኢንች ቱቦ፣ 90 ሴንቲ ቁመት። ከሥጋው ክፍል ሌላኛ ጫፍ፣ በፍርግርጉ ልክ ይውጣ እንጂ ከአናት አይውጣ። ከአናት ከወጣ ሙቀቱ ሥጋውን ሳይነካ ያመልጣል። ፍርግርጉ ከመሐሉ 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ በአንግል ብረት ላይ ይቀመጥ፤ ቴርሞሜትሩም በዚያው ከፍታ።

ስለ ብየዳው አጭር ነገር ብቻ። 6013 ተብሎ የሚሸጠው 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ዙሪያውን አትበይዱ፤ በመስቀል አራት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ፣ ከዚያ እያፈራረቃችሁ። ለእግሩ ጠንካራ ነገር አድርጉ፤ ጠቅላላው ከ170 ኪሎ አያንስም።

ማሟሸትና እንጨቱ

ምጣድ እንደሚሟሽ ምድጃውም ይሟሻል። ውስጡን በሽቦ ብሩሽ ጠርጉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። ከዚያ ሥጋ ሳይገባ ለሦስት ሰዓት ያህል ከ200 ዲግሪ በላይ አንድዱ። ውስጡ ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል። ቀለም የሚቀባው ውጩ ብቻ ነው፣ ያውም ሙቀት የሚችለው ቀለም።

እንጨቱን ከእናቶቻችን እንውሰድ። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ የሚያጥን ሕዝብ ስለ ጭስ ከውጭ የሚማረው ብዙ የለውም። የደረቀ ወይራ አንደኛ ነው፤ ግራር ጥሩ ፍም ይሰጣል። ባሕር ዛፍ በየደጃፉ ቢኖርም ዘይቱ ሥጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ጽድም ሙጫ አለው። ቀለም የነካው ጣውላ ጨርሶ አይሞከርም። የሚፈለገው ጭስ ስስና ሰማያዊ የሚመስለው ነው። ነጭ ወፍራም ጭስ ካያችሁ እሳቱ ታፍኗል፤ አየር ክፈቱ።

ለመጀመሪያ ቀን የበሬ ፍሪምባ አትጀምሩ፤ ውድም ነው፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። የበግ ወርች ይሻላል። 120 ዲግሪ ላይ ያዙት። የፈረንጅ መመሪያ ሥጋው ውስጡ 95 ዲግሪ እስኪገባ ጠብቁ ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 95ን ስትጠብቁ ሥጋው ይደርቅባችኋል። ሹካ ውጉበት። ሳይታገል ከገባ፣ አጥንቱም ሲያዙት ከወዘወዘ፣ ደርሷል።

እኔ ይኸኛውን የጨረስኩት በዐቢይ ጾም መሐል ነበር፤ በባዶው እያነደድኩ ለመድኩት። በፋሲካ አክስቴ መጣች። ነፋሱም ነበር።